እጇን ጉንጯ ላይ ያደረገችው ሴት

ሰሞኑን የአንገት ወርቄን ይዤ ወርቅ ሰሪ ዘንድ ሄጄ ነበር። ማንጠልጠያው ሳስቶ ሊበጠስ ደርሷል። ወርቅ ሰሪው ወጣት ነው። ወርቁን ከመብራቱ ሥር አገላብጦ አየና፣

«እህቴ፣ ይኼ ማንጠልጠያ ያለቦታው ነው የተበየደው። ሥዕሉ ወደ ጎን ተጋድሟል። በዚያው ላስተካክለው?» አለኝ።

«አይሆንም!» አልሁ።

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«እሺ፣ እሺ፣ አልነካውም» ብሎ ሳቀ። «ግን ለምን?»

ለምን እንደሆነ መናገር አቃተኝ። ሰው በተሰበሰበበት ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። እርሱም ዝምታዬን አይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ማንጠልጠያውን በእሳት አለስልሶ ከበየደው በኋላ ወርቁን ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጥ ጣለው። ጭስስ አለ። የጋለ ወርቅና የሎሚ ሽታ አንድ ላይ ተነሥቶ አፍንጫዬን ሞላው።

ያን ሽታ አውቀዋለሁ። አራተኛ ክፍል የተማርሁበት ዓመት ሽታ ነው። ለወጣቱ ያልመለስሁለትን እዚህ ልጻፈው።

የተወለድሁት ደቅ ደሴት ላይ ነው። አባቴ ዓሣ ያጠምዳል፤ ጥቂት መሬትም ያርሳል። ሦስተኛ ክፍልን ስጨርስ «ከተማ ትማር» ብሎ ባሕር ዳር ካለችው ታላቅ እህቱ ዘንድ ላከኝ። እትዬ ስንዱ ትባላለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ከልጇ ከሙሉ ጋር ትኖራለች። ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ ጌሾና ሎሚ ተቀብላ ትሸጣለች። ግቢዋ ውስጥ የሎሚ ሽታ የማይገባበት ቦታ አልነበረም፤ አንሶላው ሳይቀር ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

በመጀመሪያው ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቅርጫቶቹ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ፣ ሐይቁ ባለበት በኩል አያለሁ። ሐይቁ ራሱ አይታይም፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ይጋርደዋል። እኔ ግን ከቆርቆሮው ወዲያ ደቅ ትታየኛለች።

«እጅሽን አውርጂ!» ትለኛለች እትዬ ስንዱ። «ማን ሞተብሽ? ደህና ቤት ላይ ሞት ልትጠሪ ነው?»

አወርደዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ እጄ ራሱ ተመልሶ ይወጣል። እንደገና፣ «እጅሽን!» ትላለች። ሙሉም ከጓዳ ሆና በእናቷ ድምፅ «እጅሽን!» ትላለች፣ ሳታየኝም ቢሆን።

ትምህርት ቤት የባሰ ነበር። መምህራችን ስም ሲጠሩ «አቤት» ማለት እያቃተኝ እጄን ብቻ አወጣለሁ። ልጆቹ «ዓሣ» ብለው ስም አወጡልኝ። ዓሣ አይናገርም፣ ደግሞም ከሐይቅ ነው የመጣሁት። በበሩ ስገባ «ዓሣዋ መጣች! ውሃ አምጡላት!» ይላሉ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው።

የእኔ ሥራ ቅዳሜ ቅዳሜ ሎሚ ማድረስ ነበር። ከደንበኞቻችን አንዱ ጋሽ ሰኢድ ናቸው። የወረታ ሰው ናቸው፤ ገበያው አጠገብ ወርቅና ብር ይሠራሉ። የሠሩትን ጌጥ የሚያጸዱት በእኛ ሎሚ ነው። ነጭ ቆባቸውን ደፍተው፣ ከከሰሉ ፊት ተቀምጠው፣ ነበልባሉን በቀጭን ቧንቧ እየነፉ ነው የማገኛቸው። እኔ እንደማልናገር ስላወቁ የእኔንም ድርሻ እርሳቸው ይናገሩልኝ ነበር።

«ደህና ዋልሽ የስንዱ ልጅ?» ይላሉ በራሳቸው ድምፅ። ከዚያ ድምፃቸውን አቅጥነው፣ «ደህና ዋሉ ጋሽ ሰኢድ!» ይላሉ። «ትምህርት እንዴት ነው?» «ደህና ነው፣ ይመስገነው!» «ሎሚው ውሃ አለው?» «ምን በወጣው! እንደ ምንጭ ነው!»

እኔ እስቃለሁ። ያኔ በዚያች ከተማ የምስቀው እዚያ ብቻ ነበር።

ወርቁን መጀመሪያ ያየሁት በማርያም ቀን ነው። እትዬ ስንዱ በየወሩ በሃያ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከሳጥኗ አውጥታ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ታደርገዋለች። ክብ ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ይሰፋል። አያቷ ከይፋግ ሲዳሩ አንገታቸው ላይ አድርገውት የመጡት ነው ይባላል። ከዚያ በፊት የየት አገር ነጋዴ ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ግን በእነ እትዬ ስንዱ ቤት የተዳረች ሴት ሁሉ እርሱን አድርጋ ነው ከደጅ የወጣችው። በጥር ደግሞ ተራው የሙሉ ነበር።

በአንዱ በኩል መሬት ላይ የተቀመጠች ሴት አለች። ራሷን ደፍታ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋለች። ከኋላዋ ረጅም እንጨት ቆሟል፤ እንጨቱ ላይ የሆነ ነገር ተሰቅሎበታል። ከሥሯ መስመር ተሰምሯል፤ ከመስመሩ በታች ፊደላት አሉ።

«እመቤታችን ናት» አለችኝ እትዬ ስንዱ። «ከመስቀሉ ሥር ሆና ስታለቅስ ነው።»

በሌላው በኩል ወፍራም አንገት ያለው፣ አፍንጫው የተቆለመመ ሰውዬ አለ። እርሱ ማን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔ ግን ገባኝ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ተጣልተው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። ሴትየዋ ያዘነችውም ለዚያ ነው። እመቤታችን ናት ከተባለ በኋላም ይህ ሐሳብ አልለቀቀኝም።

እትዬ ስንዱ ዘወር ስትል ወደ ወርቁ ጠጋ ብዬ፣ «እጅሽን አውርጂ፣ እንዳታይሽ» እላት ነበር። ለሴትየዋ ማለቴ ነው። ከእርሷ ጋር ስናወራ ድምፄ አይጠፋም።

ኅዳር ላይ ወባ ያዘኝ። መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ አመጡልኝ፤ እትዬ ስንዱ ደግሞ በራሷ በኩል ወርቁን አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በጎኔ እንደተኛሁ ዐይኔን ገለጥሁ። ወርቁ ከአንገቴ ተንሸራቶ ትራሱ ላይ፣ ልክ ከአፍንጫዬ ፊት አርፏል። ሴትየዋ አልተቀመጠችም። ተኝታለች! ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ፣ እጇን ተንተርሳ፣ ልክ እንደ እኔ። ከኋላዋ ቆሞ የነበረው እንጨት አሁን ከሥሯ ተዘርግቷል፤ መሐሉ ሰፋ፣ ጫፉ ቀና ያለ ታንኳ ነው። ከእግሯ በኩል ያለው መስመር የሐይቁ ዳር ነው፤ ከመስመሩ ወዲያ የተደረደሩት ፊደላት ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ናቸው።

በሕፃንነቴ እናቴ ከደቅ ወደ ማዶ ስትሻገር ታንኳው ወለል ላይ አስተኝታኝ ነበር የምትቀዝፈው። ደንገሉ እርጥብ ነው፣ ከጀርባዬ ሥር ውሃው ይንሿሿል። ሴትየዋም እዚያ እንደተኛች ገባኝ። ለማንም አልነገርሁም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር መሰለኝ፤ ሥራ ሲኖር ትቀመጣለች፣ ሲደክማት ትተኛለች።

ታኅሣሥ ሲገባ የሙሉ እጮኛ እናት፣ ወይዘሮ ላቀች፣ የሙሽራዋን ልብስና ጌጥ ሊያዩ መጡ። ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት ናቸው። ቀሚሱን አመሰገኑ፣ ነጠላውን አመሰገኑ። ከዚያ እትዬ ስንዱ ወርቁን በኩራት መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ወደ ዐይናቸው አስጠግተው አዩትና እንደ ፍም መሶቡ ላይ ጣሉት።

«ምንድን ነው ይኼ ስንዱ?»

«እመቤታችን ናት።»

«እመቤታችን በሥዕሏ ልጇን ታቅፋ ነው የማውቃት። ይቺ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ መሬት ላይ የተቀመጠች ሐዘንተኛ ናት። በሙሽራ አንገት? በልጄ ቤት?»

እትዬ ስንዱ ብዙ ተናገረች፤ አያቷን፣ እናቷን፣ ራሷን ጠራች። ወይዘሮ ላቀች እስክትጨርስ ሰሟትና፣

«ስንዱ እህቴ፣ ልጄን በዳርሁ በዓመቷ ባሏን ቀብራ ተመለሰችብኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የላትም። ሁለተኛ ሟርት በቤቴ አላስገባም። ይቅለጥና ጉትቻ ይሁን። ያኔ እኔው ራሴ በእጄ አደርግላታለሁ» አሉ።

ክፋት አልነበረባቸውም፤ የፈሩት ለልጃቸው ነው። እትዬ ስንዱ ይህን ስታይ አንገቷን ደፋች። «ይቅለጥ» አለች።

እኔ ጥግ ላይ ነበርሁ። እጄ ጉንጬ ላይ ነበር። በዚያ ቀን አውርጂ ያለኝ የለም።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየ ወጣት ነበረ፤ ማቴዎስ ይባላል። ከአርባ ምንጭ መጥቶ ኮሌጅ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነው። ከመቅለጡ በፊት ለማስታወሻ ብሎ ወርቁን በስልኩ አነሣውና ታሪክ ለሚያስተምር ጓደኛው አሳየው። በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ እየተቻኮለ ገባ።

«እትዬ ስንዱ፣ ይኼ ጥንታዊ የሮማውያን ወርቅ ነው! ሰውዬው ንጉሣቸው ነው። የይሁዳን አገር በጦር አሸንፈው ኢየሩሳሌምን ሲያቃጥሉ ለድሉ መታሰቢያ ያሠሩት ነው። ከሥር የተጻፈው ‹ይሁዳ› ነው የሚለው።»

«ሴትየዋስ?»

«ሴትየዋ አገሪቱ ናት። አገርን በሴት መስለው ነው የቀረጹት። ተማርካ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ። ከኋላዋ ያለውም መስቀል አይደለም። የተሸነፉት ሰዎች የብረት ጥሩርና ጋሻ ነው፤ እንጨት ላይ ሰቅለው ይፎክሩበታል።»

ሙሉ ሳቀች። «እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር! እንግዲህ ማርያም ካልሆነች ምን ቸገረን? ትቅለጥ። እኔም አዲስ ጉትቻ አገኛለሁ።»

እትዬ ስንዱ አልሳቀችም። ወርቁን መዳፏ ላይ ይዛ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ንገረኝማ ማቴ ልጄ» አለች። «ይኼ ነገር ሲሠራ ገንዘብ ሆኖ ነው የዋለው?»

«አዎ። ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።»

«እና አገሯን አቃጥለው ሲያበቁ፣ እርሷን ደግሞ በየገበያው አዞሯት?»

ማቴዎስ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እንደዚያ ማለት ይቻላል» አለ።

«አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ሆነና እሳት ውስጥ ልጨምራት ነው» አለች። ነጠላዋን በአፏ ላይ አደረገች።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር እትዬ ስንዱ ወርቁን ከበፊቱ ይልቅ የወደደችው እመቤታችን እንዳልሆነች ካወቀች በኋላ መሆኑን ነው። እመቤታችንን ሁሉ ይወዳታል። ይቺ ግን ሰው የላትም። ቃል ግን ቃል ነው፤ ለወይዘሮ ላቀች «ይቅለጥ» ብላለች። ቃሏን ብታጥፍ የሙሉ ሠርግ ይፈርሳል። ዝም ብትል ወርቁ ይጠፋል። ዝም አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከእትዬ ስንዱና ከሙሉ ጋር ወደ ጋሽ ሰኢድ ሱቅ ሄድን። እኔ እንደ ወትሮው የሎሚ ዘንቢሌን ይዣለሁ። ወይዘሮ ላቀችም መጡ፤ ሲቀልጥ በዐይናቸው ማየት ይፈልጋሉ። ከሰሉ ቀልቷል፤ ማቅለጫዋ የሸክላ ጽዋ ፍሙ ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ሰኢድ ወርቁን በመቆንጠጫ አንሥተው ጥቁሩን ክር ፈቱና ለእትዬ ስንዱ ሰጧት።

«እኔ አቅልጥ ያላችሁኝን አቀልጣለሁ» አሉ። «ከእሳቱ በኋላ ግን መመለስ የለም። ቁርጥ ነው?»

«ቁርጥ ነው» አሉ ወይዘሮ ላቀች።

እትዬ ስንዱ ክሩን ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። ሙሉ እናቷን አየችና ቀልዷ ጠፋባት።

ጋሽ ሰኢድ ሊያስቁን ፈልገው መሰለኝ ወደ እኔ ዞሩ። «የስንዱ ልጅ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉ። መልሱንም እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን አቅጥነው ጀመሩ፤ «እኔ ምን አውቃለሁ ጋሽ...»

«ተኝታ ነው» አልሁ።

ጋሽ ሰኢድ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። እትዬ ስንዱም ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የገባ መስሏት ወደ በሩ አየች።

«ማን ናት የተኛችው?» አሉ ወይዘሮ ላቀች።

«ሴትየዋ። ሐዘንተኛ አይደለችም። እናንተ አቁማችሁ ስለምታዩአት ነው። ታንኳ ላይ ነው የተኛችው።»

ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም። ጆሮዬ ይግል ነበር፤ የምመለስበት ግን አልነበረኝም። ዘንቢሌን አስቀምጬ ወርቁን ከመቆንጠጫው አወጣሁት። ወይዘሮ ላቀች መዳፋቸውን እንዲዘረጉልኝ እጃቸውን ያዝሁ። ሎሚ በነካ እጄ እንዲህ የአንዲት ትልቅ ሴት እጅ መያዜ ዛሬም ይገርመኛል። ወርቁን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁና ወደ ጎን አዞርሁት።

«ይኸው ታንኳው። ይኸው ጫፉ። ይኼ የሐይቁ ዳር ነው፤ ይኼ ደንገል ነው። ጉልበቷን አጥፋለች።»

ጋሽ ሰኢድ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው አጎነበሱ። «ወላሂ ታንኳ ነው!» አሉ።

ወይዘሮ ላቀች አልቸኮሉም። «እጇስ?» አሉኝ። «እጇ ጉንጯ ላይ ነው።»

«ተንተርሳው ነው» አልሁ። «እኔም እንደዚያ ነው የምተኛው። ትራሱ ሲሞቅብኝ።»

ከሰሉ ይንጣጣል። ወይዘሮ ላቀች ጣታቸውን በሴትየዋ ጀርባ ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉት። ስለ ሴት ልጃቸው እያሰቡ እንደነበር ያኔ አላወቅሁም። ያኔ የመሰለኝ ወርቁ ንጹሕ መሆኑን እንደሚፈትኑ ነው።

«እንቅልፍ» አሉ በመጨረሻ። «እንቅልፍ ምን ክፉ አለው? እንቅልፍ የጤና ነው።»

«እኔ እንደሆንሁ እንቅልፌን እወዳለሁ» አለች ሙሉ። «ልጅዎም ይህን ይወቅልኝ።»

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ ላቀች ናቸው። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ እትዬ ስንዱ እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

ጋሽ ሰኢድ ማቅለጫዋን ከፍሙ ላይ አወረዱ። አሮጌውን ማንጠልጠያ ቆርጠው ከጎን በኩል፣ ሴትየዋ ፊቷን ባዞረችበት በኩል፣ በየዱት። እኔ ካመጣሁት ሎሚ ቆርጠው ውሃው ውስጥ ጨመቁና ወርቁን ጣሉት። ጭስስ አለ። ያ ሽታ ተነሣ። አውጥተው በክሩ ሲያንጠለጥሉት ሴትየዋ ተጋድማ ታየች። ሙሉ ወርቁን ገልበጥ አደረገችውና ጮኸች፤

«እዩልኝ፣ ንጉሡ! በአፍንጫው ተደፋ!»

እውነቷን ነበር። ማንጠልጠያው ከማጅራቱ በኩል ስለሆነ ያ ወፍራም አንገት ያለው ሰውዬ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቷል።

«ይበለው!» አለች እትዬ ስንዱ።

ማቴዎስ የነገረን ሁሉ እውነት ነው። እኔ ብዙ አልተማርሁም፤ ግን አልክደውም። ንጉሡ ያስቀረጻት እየተዋረደች እንድትኖር ነው፤ ስንት ገበያ ዞራ፣ ስንት አገር አቋርጣ ጣና ዳር እስክትደርስም እንደዚያው ቆይታለች። እኛ ቤት ግን በሙሉ አንገትም፣ ኋላ እኔ ስዳር ወደ እኔ ካለፈችም ወዲህ ትተኛለች። ማንጠልጠያው ያለቦታው አይደለም፤ ቦታው እዚያ ነው።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። ሙሉ ነጭ ለብሳ፣ ወርቁን አንገቷ ላይ አድርጋ በወይዘሮ ላቀች ግቢ ዳስ ውስጥ ገባች። እኔ ከወይዘሮ ላቀች አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ «ከእኔ ጋር ትሁን» ያሉት ራሳቸው ናቸው። ብዙ ሰው ነበረ። ደክሞኝ ስለነበር እጄ ሳላውቀው ጉንጬ ላይ ወጥቷል። ወይዘሮ ላቀች አዩኝ፤ እጄን አላወረዱትም። ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

ከበሮው ሞቀ። ሚዜዎቹና የሙሽራው እህቶች ሙሉን ከበው ወደ መሐል ጎተቷት፤ ትከሻቸውን እየሰበቁ አጀቧት። ሙሉም እንደ ጉድ ወረደችበት። ወርቁ ደረቷ ላይ ይዘላል፣ ይገለበጣል፣ ያበራል። ወይዘሮ ላቀች እዩኝ እዩኝ የማይሉት፣ ቁጥቧ ሴትዮ፣ ከተቀመጡበት ተነሡና ከከበሮው በላይ ጮኹ፤

«ኧረ ቀስ በሉ እናንተ! ሰው ተኝቷል!»